ካርል ዮሴፍ ባየርና ቀዩ ዝቃጭ

ባየር የሚለው ስም በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ነው። አስፒሪንን ለገበያ ያቀረበውን የጀርመን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ፍሪድሪክ ባየር ግን ከዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ካርል ዮሴፍ ባየር ኦስትሪያዊ ኬሚስት ሲሆን፣ የሚታወሰውም ከቦክሳይት ንጹሕ አሉሚና በሚወጣበት ዘዴ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው አሉሚና ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው፣ ከ1892 ወዲህ መሠረቱ ባልተለወጠው በዚሁ ዘዴ ነው። የድስቱ፣ የመስኮቱ፣ የአውሮፕላኑ ክንፍና የኤሌክትሪኩ ሽቦ አሉሚኒየም ብረት ከመሆኑ በፊት በባየር ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ አልፏል። በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ታሪክ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከቦታው ሳይነቀነቅ የቆየ ዘዴ ብዙ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባየር የተወለደው መጋቢት 4 ቀን 1847 በኦስትሪያ ሲሌዥያ፣ ቢሊትስ በምትባል ከተማ ነው። ከተማይቱ ዛሬ ቢየልስኮ ቢያዋ ተብላ በደቡብ ፖላንድ ትገኛለች። በዚያን ዘመን የታወቀችው በሱፍ ጨርቅ ሥራዋ ነበር። ልጁ ሥነ ሕንፃ እንዲያጠና የአባቱ ፍላጎት ስለነበረ፣ ባየር ትምህርቱን የጀመረው በዚያው መስክ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አዘነበለና ወደ ቪስባደን ሄዶ በሬሚጊዩስ ፍሬዜኒዩስ ላቦራቶሪ ገባ። ይህ ላቦራቶሪ በ1848 የተቋቋመ ሲሆን፣ በመላው አውሮፓ የትንተና ኬሚስትሪ ማሠልጠኛ ተደርጎ ይታይ ነበር። እዚያ የሚማር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደው ትዕግሥት ነበር፤ ይኸውም ማዝቀጥ፣ ማጣራት፣ ማጠብ፣ ማድረቅና መመዘን ነው። የኋላ ሥራው ሁሉ በእነዚህ አምስት ተግባሮች ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ባየር ከፍሬዜኒዩስ ቤት የወሰደው ስንቅ ቀላል አልነበረም።

ከዚያም ወደ ሃይደልበርግ አልፎ የታላቁ የሮበርት ቡንዘን ተማሪ ሆነ። ቡንዘን ከኪርኾፍ ጋር በመሆን የብርሃን ትንተናን መሣሪያ ከሠራ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር። በዚሁ መሣሪያ በ1863 በሳክሶኒ ኢንዲየም የተባለ አዲስ ንጥረ ነገር ተገኝቶ ስለነበር፣ ባየር የዚህን ብረት ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1871 የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። ኢንዲየም በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ከአሉሚኒየም በታች በአንድ ዐምድ የሚገኝ ነው። ሃይድሮክሳይዱ ምን ጊዜ እንደሚዘቅጥና ምን ጊዜ እንደሚሟሟ የመረመረ ሰው የአሉሚኒየምን ጠባይ ለመረዳት ሩቅ መንገድ አይቀረውም። ቡንዘን ራሱም በ1854 በኤሌክትሪክ ኃይል አሉሚኒየም ካወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር።

ከሃይደልበርግ በኋላ ባየር በብሩን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ያህል አስተማረ። ብሩን ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ የምትገኘው ብርኖ ናት። ማስተማሩን ትቶ በዚያው ከተማ የግል የምርምርና የምክር ላቦራቶሪ ከፈተ። ስለዚህ ዘመኑ ብዙ የሚባል የለም። ታሪኩ የሚጀምረው በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ ሩስያ ተሻግሮ በሴንት ፒተርስበርግ በቴንቴሌቭ የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ሲይዝ ነው።

በዚያ የተሰጠው ሥራ ከአሉሚኒየም ብረት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የጥጥ ጨርቅ ሲነከር ቀለሙ ከድሩና ከማጉ ጋር እንዲጣበቅና በእጥበት እንዳይለቅ፣ አስቀድሞ በአሉሚኒየም ውህድ መታሸት ነበረበት። በተለይም ቀዩ የአሊዛሪን ቀለም ያለዚህ ማጽኛ አይያዝም። ስለሆነም የሩስያ ጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ንጹሕ አሉሚና ይፈልግ ነበር። ንጹሕ ማለትም በተለይ ብረት የሌለበት ማለት ነው፤ ብረት ያለበት ማጽኛ ቀዩን ቀለም ያጠቁረዋልና።

አሉሚና ይገኝበት የነበረው ዘዴ የፈረንሳዊው መሐንዲስ የሉዊ ለሻትልዬ ነበር። (ኬሚስቶች ሁሉ የሚያውቁት ስለ ሚዛን መዛባት የሚናገረው ሕግ የልጁ የኦንሪ ነው።) በዚህ ዘዴ ቦክሳይት ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ተደባልቆ በ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል። ከዚያም በውሃ ተነክሮ ሶዲየም አሉሚኔት ይወጣል፤ በመጨረሻም በፈሳሹ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲነፋበት የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጣል። ማገዶው ብዙ ነው፣ ጋዙም ወጪ አለው። ከሁሉ የባሰው ግን የሚዘቅጠው ነገር ጠባይ ነው፤ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ስለሆነ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ በውስጡ የያዘውንም ሶዳ በእጥበት አይለቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝቃጭ አንድ ቀን ያስመርራል፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ይበላል።

በ1887 ባየር መፍትሔውን አገኘ። በቀዘቀዘ የሶዲየም አሉሚኔት ፈሳሽ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት ጨምሮ ሳያቋርጥ ሲያማስለው፣ ያለ ምንም ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ የነበረው አሉሚና በዱቄቱ ላይ እየተከማቸ ይወጣ ጀመር። የሚወጣውም ዝልግልጉ አልነበረም፤ እንደ አሸዋ የሚወርድ፣ በቀላሉ የሚጣራና የሚታጠብ ክሪስታል ነበር። እድፉ በፈሳሹ ውስጥ ስለሚቀር ምርቱ ንጹሕ ነው። ለአንድ ሞለኪውል አሉሚና ስድስት ሞለኪውል ሶዲየም ኦክሳይድ እስኪቀር ድረስ ማማሰሉ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ የለም። ይህ ግኝት በጀርመን ፓተንት ቁጥር 43977 ተመዘገበ። አንድ ጊዜ የተገኘው ዱቄት ለሚቀጥለው ዙር ዘር ይሆናል፤ ለእርሾ የሚሆነውን ከቡሆው አስቀርታ እንደምታስቀምጥ ባለሙያ ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው የተወለደ ነው። ዱቄቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ በኮስቲክ ሶዳ የበለጸገ፣ በአሉሚና ግን የደኸየ ነው። ባየር ይህንኑ ፈሳሽ ከተፈጨ ቦክሳይት ጋር በታፈነ የግፊት ጋን ውስጥ ከመፍያው በላይ ሲያሞቀው፣ ፈሳሹ የቦክሳይቱን አሉሚና መርጦ አሟሟው። የለሻትልዬ ምድጃ ከነአካቴው ቀረ። ፓተንቱ በ1892 በቁጥር 65604 ተሰጠ። ሙቅ ፈሳሽ አሉሚናውን ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝና ዘር ሲያገኝ ይመልሰዋል፤ ራሱም ተመልሶ ይሞቅና ሌላ ይወስዳል። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ፓተንት ያስበልጣሉ፤ ዳሩ ግን ክቡን የዘጋው ቁልፍ የ1887ቱ ዘር ነው። ያለ እርሱ የግፊቱ ጋን ሌላ ምድጃ ከመሆን አያልፍም ነበር።

ጊዜውም ለባየር ተስማምቶለት ነበር። በ1886 በአሜሪካ ቻርልስ ሆል፣ በፈረንሳይ ፖል ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አሉሚናን በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ አሟሙተው በኤሌክትሪክ አሉሚኒየም ማውጣት ችለው ነበር። እስከዚያ ድረስ የጌጥ ዕቃ የነበረው ብረት ዋጋው መውደቅ ጀመረ። አንድ ቶን አሉሚኒየም ሁለት ቶን ያህል አሉሚና ይፈጃል፤ ለዚያም ከአራት እስከ አምስት ቶን ቦክሳይት ያስፈልጋል። ለቀለም ነካሪዎች የታሰበው ሥራ ሳይታሰብ የአዲስ ብረት መሠረት ሆነ። በፈረንሳይ ጋርዳን የተተከለው ፋብሪካ በ1890ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በባየር ዘዴ ሥራ የጀመረ በዓለም የመጀመሪያው ነው። በአየርላንድ የላርን ፋብሪካም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከተለ።

በ1892ቱ የፓተንት ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነጥብ አለ። ባየር አሉሚናው ከወጣለት በኋላ ስለሚቀረው ብረት አዘል ቀይ ዝቃጭ ሲጽፍ፣ ዝቃጩ ደህና አድርጎ እንደሚቀመጥ፣ በቂ ልምድ ካለም ሊጣራና ሊታጠብ እንደሚችል ይገልጣል። ብረቱ ብዙ፣ አሉሚናው ጥቂት በመሆኑም ለብቻው ወይም ከሌላ የብረት ማዕድን ጋር ቀልጦ ብረት ሊሆን እንደሚችል ያክላል። ስለ ዝቃጩ ያለው ይኸው ነው። ስለ አሉሚናው ብዙ የጻፈ ሰው ስለ ቀሪው በጥቂት ቃላት አለፈ። ከሞተ በኋላ ግን የአሉሚና መሐንዲሶችን ዕድሜ የበላው፣ ለፋብሪካዎች መቆምና መሄድ ምክንያት የሆነው፣ በመጨረሻም የሰው ሕይወት ያጠፋው በጥቂት ቃላት የታለፈው ይህ ነገር ነው።

ባየር ዋሽቷል ማለት አይደለም። ፓተንት የሚጻፈው ዘዴው እንደሚሠራ ለማሳየት ስለሆነ ችግርን የሚዘረዝር ፓተንት እምብዛም አይገኝም። ደግሞም በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ማታ የተተወ ቀይ ፈሳሽ ጧት ተጣርቶ ሊገኝ ይችላል። ብርጭቆው አንድ ሌሊት ቢጠብቅ የሚጎዳ የለም። ፋብሪካ ግን መጠበቅ አይችልም፤ ምክንያቱን ለማየት የዝቃጩን ጠባይ በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል።

ቀዩ ዝቃጭ በሶዳ ያልሟሟው የቦክሳይት ቅሪት ነው። ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ ቲታኒየም ኦክሳይድም አለበት። በቦክሳይቱ ውስጥ የነበረው ሸክላማ ሲሊካ ደግሞ ከሶዳውና ከአሉሚናው ጥቂት ይዞ አዲስ ውህድ ሆኖ ይወርዳል። ለአንድ ቶን አሉሚና ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ቶን ደረቅ ዝቃጭ ይወጣል። አብዛኞቹ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ብዙም አይበልጡም። ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ያወጣው ሕግ እንደሚያስረዳው በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድ ቅንጣት ፍጥነት የሚወሰነው በዲያሜትሩ ስኩዌር ነው። መቶ ማይክሮሜትር የሆነ አሸዋ በአንድ ሰኮንድ የሚወርደውን፣ አንድ ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት ለመውረድ አሥር ሺህ ሰኮንድ ያስፈልገዋል። በወፍራሙ የሶዳ ፈሳሽ ውስጥ እንዲህ ያለው ቅንጣት በቀን የሚወርደው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ፈሳሹ ግን አይጠብቅም። ከግፊቱ ጋን የወጣው አሉሚኔት ከሙቀቱ በታች ሲወርድ አሉሚናውን ለመጣል ዝግጁ ነው። ዝቃጩ ሳይለይ ፈሳሹ ከቀዘቀዘ አሉሚናው በቀዩ ዝቃጭ ላይ ይወድቅና አብሮ ይጣላል። ባየር በ1887 ለበጎ ያዋለው ጠባይ እዚህ ላይ ተገልብጦ ጠላት ይሆናል። በሌላ በኩል ዝቃጩ ሳይጠራ ፈሳሹ ወደ ማርጊያው ጋን ቢሄድ፣ ብረቱ ከንጹሑ ዱቄት ጋር ገብቶ ምርቱን ያበላሻል። እንግዲህ የአሉሚና ፋብሪካ ሥራ በቅዝቃዜና በዝቃጭ መካከል የሚደረግ እሽቅድምድም ነው ማለት ይቻላል። በባየር ዘመን የነበረው መሣሪያ የመጭመቂያ ማጣሪያ ነበር። በጨርቅ የተሸፈኑ ሰሌዳዎች ይሞላሉ፣ ይጨመቃሉ፣ ይከፈታሉ፣ ሠራተኞች ትኩሱን ቀይ ጭቃ በእጅ ይፍቃሉ። የሚነካውን ቆዳና ጨርቅ የሚበላ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ጭቃ ነው። ባየር በቂ ልምድ ካለ ብሎ ያለፈው ነገር ለእነዚያ ሠራተኞች ይህ ነበር።

የባየር የመጨረሻ ዓመታት ደስ የሚያሰኙ አልነበሩም። በ1890ዎቹ አጋማሽ ከሩስያ ተመልሶ በደቡብ ስታየርማርክ ሪትስዶርፍ በምትባል መንደር ተቀመጠ። ቦታው ዛሬ በስሎቬኒያ ውስጥ ነው። በመኖሪያው ላቦራቶሪ አደራጅቶ ምርምሩን ቀጠለ። ትልቁ ሐሳቡ በኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት ውስጥ ከአገሩ ማዕድን የሚሠራ የአሉሚና ፋብሪካ ማቋቋም ነበር። ማዕድኑ አልጠፋም፤ የቮክሃይን ሸለቆ ቦክሳይት በሳይንስ ጽሑፎች የታወቀ ነበር፤ በኢስትሪያና በዳልማቲያም ቀዩ አፈር ሞልቷል። ያልተገኘው ካፒታል ነበር። ዘዴውን ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በፋብሪካ ሲሠሩበት የገዛ አገሩ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ሊያወጡበት አልደፈሩም። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ጥረት ቆይቶ በጥቅምት ወር 1904 በተወለደ በ57 ዓመቱ ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ የዓለም ጦርነት ሲነሣና አሉሚኒየም የጦር መሣሪያ ሲሆን የኢስትሪያ ቦክሳይት በጥድፊያ ይቆፈር ጀመር።

ባየር በሞተ በዓመቱ፣ በ1905፣ ጆን ዶር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በደቡብ ዳኮታ የወርቅ ማዕድን ሥራ ላይ ሳለ ያለማቋረጥ የሚሠራ ማዝቀጫ ገንዳ ፈለሰፈ። ዝቃጩ ከታች በቀስታ በሚዞሩ ክንዶች እየተጠረገ ይወጣል፤ የጠራው ፈሳሽ ከላይ በጠርዙ ይፈሳል። የአሉሚና ፋብሪካዎችም ይህን ወርሰው የመጀመሪያውን ገንዳ ለማዝቀጫ፣ ከኋላው የሚደረደሩትን አምስት ስድስት ገንዳዎች ለማጠቢያ አደረጉ። ዝቃጩ ወደፊት ሲሄድ ንጹሕ ውሃ ከኋላ ይመጣና ሶዳውን እያጠበ ይመልሳል። ነገር ግን ገንዳ ብቻውን የስቶክስን ሕግ አይሽርም። ቅንጣቱ ሊተልቅ ይገባዋል፤ ቅንጣትን ለማተለቅ ደግሞ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ነገር መጀመሪያ የተገኘው ከጓዳ ነው። የስንዴ ዱቄት፣ ፉርሽካ፣ የበቆሎና የድንች ስታርች እንደ አጥሚት በሙቅ ውሃ ወይም በሶዳ ተበጥብጦ ወደ ገንዳው ሲጨመር፣ ቀዩ ዝቃጭ በጓል በጓል እየተያያዘ ይወርዳል። ስታርች በግሉኮስ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። አንዱ ጫፉ በአንዱ ቅንጣት፣ ሌላው ጫፉ በሌላው ላይ ይጣበቅና ድልድይ ይሆናል። ከላይ የሚፈሰውም ፈሳሽ እጅግ የጠራ ነው። በመላው ዓለም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአሉሚና ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ በየቀኑ የሰው ምግብ በጭቃ ላይ ሲያፈሱ ኖረዋል። ለአንድ ቶን ዝቃጭ የሚጠየቀው በኪሎግራም የሚቆጠር ስለነበረ ዱቄቱ ቀላል አልነበረም። ከዋጋው ይልቅ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። የባየር ፈሳሽ ክብ ስለሆነ የገባበት ነገር አይወጣም፤ ስታርቹ በሙቁ ሶዳ እየተሰባበረ ኦክሳሌትና ሌላም ኦርጋኒክ ጨው ይሆንና በፈሳሹ ውስጥ ዓመት ከዓመት ይጠራቀማል። ይህ ቆሻሻ ደግሞ በማርጊያው ጋን ውስጥ ክሪስታሉን ያደቅቀዋል። የባየር ሁለተኛው ግኝት የመጀመሪያውን በጓዳ በር መረዘው ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በውሃ የሚሟሙ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ወደ ገበያ ወጡ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደግሞ አክሪሌት ፖሊመር ወደ ቀዩ ዝቃጭ ገንዳ ገባ። የሞለኪውል ክብደቱ አሥር ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነው። አንዱ ሞለኪውል ከመቶ ሺህ በላይ ተመሳሳይ ቀለበቶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ስለሆነ፣ ተዘርግቶ ቢለካ ርዝመቱ ከ20 ማይክሮሜትር ይበልጣል፤ ሊያስር ከሚፈልገው ቅንጣት ብዙ ጊዜ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ለአንድ ቶን ዝቃጭ በኪሎግራም ፈንታ በግራም የሚቆጠር ፖሊመር በቃ። ዝቃጩ የሚወርድበት ፍጥነት ብዙ እጥፍ ስለጨመረ በዚያው ገንዳ ብዙ ፈሳሽ ማሳለፍ ተቻለ፤ አዳዲስ ገንዳዎችም አነሱ።

ከገንዳ ገንዳ የሚፈለገው ፖሊመር አንድ አይደለም። ሶዳው በሚከብድበት በመጀመሪያው ገንዳ የሚሠራው ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሉታዊ ሙል ያለው አክሪሌት ነው። ሶዳው እየቀለለ በሚሄድባቸው ማጠቢያዎች ግን ከአክሪሌት ጋር አክሪላማይድ የተቀላቀለበት፣ ሙሉ የቀለለ ፖሊመር ይሻላል። አዘገጃጀቱም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደረቁ ፖሊመር በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከተደፋ እንዳልታሸ ገንፎ ይጓጉላል። በኃይለኛ ፓምፕ ከተገፋ ደግሞ ያ ረጅም ሰንሰለት ይበጣጠስና ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል። ስለሆነም በብዙ ውሃ ቀጥኖ፣ በቀስታ ተማስሎ፣ በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይጨመራል። ከመጨመሩም በፊት በላቦራቶሪ ውስጥ በመስታወት ሲሊንደር ይፈተናል። የቀዩና የጠራው ፈሳሽ ወሰን ከምልክት ምልክት እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሰዓት ይለካል። ፍሬዜኒዩስ ቢያየው የሚያውቀው ዓይነት ሥራ ነው።

አክሪሌቱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ትልልቆቹን ጓሎች በፍጥነት ሲያወርድ ደቃቁን ብናኝ ትቶት ይሄዳል፤ ከላይ የሚፈሰው ፈሳሽ እንደ ስታርቹ ጊዜ አይጠራም። በዚህ የተነሣ ብዙ ፋብሪካዎች አክሪሌቱን ለፍጥነት፣ ስታርቹን ለጥራት አድርገው ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠቀሙ ነበር። መውጫው የተገኘው በ1980ዎቹ መጨረሻ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ የሃይድሮክሳሚክ አሲድ ክፍሎችን በመትከል ነው። እነዚህ ክፍሎች የብረት አዮንን በሁለት ጣት እንደሚቆነጥጥ ሰው አጥብቀው ይይዛሉ። ባክቴሪያዎችም በአፈር ውስጥ ብርቅ የሆነባቸውን ብረት ለማጥመድ የሚያመነጩት የዚሁ ቤተሰብ ውህድ ነው። አክሪሌቱ በሙሉ ኃይል ብቻ ሲጣበቅ፣ አዲሱ ፖሊመር ከዝቃጩ ውስጥ ብረቱን ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህም ደቃቁን ብናኝ ጭምር ይዞ ይወርዳል። ብዙ ፋብሪካዎች ከዚያ በኋላ ዱቄት መበጥበጣቸውን አቆሙ ወይም እጅግ ቀነሱ። ባየር ደህና አድርጎ ይቀመጣል ካለው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ዝቃጩ በእርግጥ ደህና አድርጎ ተቀመጠ።

መቀመጡ ግን የት ነው? ፖሊመሩ ዝቃጩን ከፈሳሹ ለየው እንጂ አላጠፋውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ቀይ ዝቃጭ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው እጅግ ጥቂቱ ነው። ብረቱን የማቅለጡ ሐሳብ በየዘመኑ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ በዝቃጩ ውስጥ ያለው ሶዳ፣ ደቃቅነቱና እርጥበቱ ለብረት ማቅለጫ አይመቹም፤ ርካሽ የብረት ማዕድን እያለ ወጪውን የሚከፍል አልተገኘም። ስለዚህ አብዛኛው በግድብ በተከበቡ ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ይተኛል።

ጥቅምት 4 ቀን 2010 በምዕራብ ሃንጋሪ አይካ አጠገብ ያለው የቀይ ዝቃጭ ኩሬ ግድብ ማዕዘኑ ተደረመሰ። ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሶዳማ ቀይ ጎርፍ በኮሎንታር መንደርና በደቬቸር ከተማ ላይ ወረደ። አሥር ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ቆዳቸው ተቃጥሎ ቆሰሉ፤ በማርጻል ወንዝ ውስጥ የነበረው ሕይወት ጠፋ። ኩሬው የነበረበት አገር ባየር በዘመኑ የአሉሚና ፋብሪካ እንዲተከልበት ሲማጠንለት የኖረው የኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት አንድ ክፍል ነው።

በዘዴው የመጀመሪያው በሆነው በጋርዳን ደግሞ ዝቃጩ ከ1966 ጀምሮ በቧንቧ ወደ ሜዲተራኒያን ባሕር ጥልቅ ሸለቆ ይወርድ ነበር። ይህ በ2015 መጨረሻ ቆመ። ዝቃጩን ከባሕር ለማስቀረት የተተከለው መሣሪያ፣ ትልቅነቱና በራሱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ካልሆነ በቀር፣ በባየር ዘመን ሠራተኞች በእጅ ይፍቁት የነበረው የመጭመቂያ ማጣሪያ ነው። ሰሌዳዎቹ ሲከፈቱ ይወድቅ የነበረው ቀይ ቂጣ ቦክሳሊን የሚል የንግድ ስም ተሰጥቶት ለመንገድ ሙሌትና ለቆሻሻ መጣያ መሸፈኛ ይቀርብ ነበር፤ ብረቱም በውስጡ እንዳለ ነበር።